ጨረቃ ከምድር ጋር ለምን አንድ ሆነች? አይሶቶፖች ስለ ፕላኔቶች አፈጣጠር የሚሰጡት ምስክርነት

ከአዳማ ወደ ወለንጪቲ ለሚጓዝ ሰው ገዝፎ የሚታየው የቦሰት ተራራ ከእሳተ ገሞራ የተሠራ ሲሆን፣ በዙሪያውም ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅና ሲሰበር ጠርዙ ስለታም የሆነው ባልጩት ይገኛል። ባልጩት የሚፈጠረው ቀልጦ የወጣ ዐለት ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ ሳያገኝ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ከክብደቱም ግማሽ ያህሉ ኦክስጅን ነው። ከዚህ ባልጩት ጥቂት ሚሊግራም፣ ከቆቃ ሐይቅ አንድ ጠብታ ውሃ፣ እንዲሁም አፖሎ 11 በ1969 ከጨረቃ ካመጣው ጥቁር ዐለት አንዲት ቅንጣት ወስደን ኦክስጅናቸውን በአንድ መሣሪያ ብንለካ፣ ሦስቱም በአንድ መስመር ላይ ያርፋሉ። ከማርስ የመጣ ድንጋይ ግን ከመስመሩ ይወጣል። ይህ ጽሑፍ መስመሩ ምን እንደሆነ፣ ጨረቃ በላዩ ላይ መገኘቷም ተመራማሪዎችን ለምን እስከ ዛሬ እንደሚያስጨንቃቸው ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው።

የአንድ ንጥረ ነገር ማንነት የሚወሰነው በአቶሙ ኒውክለስ ውስጥ ባሉት ፕሮቶኖች ብዛት ነው። ስምንት ፕሮቶን ያለው አቶም ሁሉ ኦክስጅን ነው፤ ከፕሮቶኖቹ ጋር ያሉት ኒውትሮኖች ግን ስምንት፣ ዘጠኝ ወይም ዐሥር ሊሆኑ ይችላሉ። በዚህ ምክንያት በተፈጥሮ የማይፈራርሱ ሦስት ዓይነት ኦክስጅኖች አሉ፤ ኦክስጅን 16፣ 17 እና 18። በኬሚካዊ ጠባያቸው አንድ ናቸው ሊባል ይችላል፣ የሚለያዩት በክብደት ነው። እነዚህ የአንድ ንጥረ ነገር መንታ አቶሞች አይሶቶፖች ይባላሉ። በምድር ላይ ካለው ኦክስጅን 99.76 በመቶው ኦክስጅን 16 ሲሆን፣ ኦክስጅን 18 0.2 በመቶ ያህል፣ ኦክስጅን 17 ደግሞ 0.04 በመቶ ያህል ነው።

የፕላኔቶችን ታሪክ ለማወቅ አይሶቶፖች ከሌላው ማስረጃ ሁሉ ይልቅ የሚታመኑበት ምክንያት አለ። የድንጋይ ቅርጽ ይጠፋል፣ ማዕድኑ ይቀልጣል፣ ቀልጦም ሌላ ማዕድን ይሆናል። ምድር በታሪኳ መጀመሪያ ላይ አብዛኛው አካሏ ቀልጦ ስለነበር፣ ከዚያ ዘመን በዓይን የሚታይ ነገር አልተረፈም። የአይሶቶፖች መጠን ግን በመቅለጥ እምብዛም አይለወጥም፤ ቢለወጥም ለውጡ ሕግ ያለውና ሊሰላ የሚችል ነው። ስለዚህ ቁሱ ከየት እንደመጣና መቼ ከሌላው እንደተለየ የሚያመለክተው መረጃ ከዚያ ሁሉ እሳት በኋላም በአቶሞቹ ውስጥ ይቀመጣል።

መለኪያው ማስ ስፔክትሮሜትር ይባላል፤ እንግሊዛዊው ፍራንሲስ አስተን በ1919 ለአይሶቶፕ ጥናት ካበቃው ወዲህ መሠረታዊ አሠራሩ አልተለወጠም። ለኦክስጅን ልኬት አንድ ሁለት ሚሊግራም ድንጋይ ፍሎሪን ባለበት ጋዝ ውስጥ ይቀመጥና በሌዘር ይጋላል። ፍሎሪን ከሲሊከንና ከብረታ ብረቶቹ ጋር ሲጣበቅ ኦክስጅኑ ነጻ ይወጣል። የወጣው ጋዝ ተጣርቶ የኤሌክትሪክ ሙል እንዲኖረው ይደረግና በከፍተኛ ፍጥነት በማግኔት መካከል ያልፋል፤ በዚህ ጊዜ ቀላሉ አብዝቶ፣ ከባዱ ጥቂት ብቻ ይታጠፋል። በየመድረሻቸው የተቀመጡ መቀበያዎች እያንዳንዱ አይሶቶፕ ምን ያህል እንደሆነ ይቆጥራሉ። ዛሬ የሠለጠኑ ቤተ ሙከራዎች ከሚሊዮን ጥቂት ክፍል የሚያህል ልዩነት መለየት የሚችሉ ሲሆን፣ ከዚህ በታች የሚነገረው ክርክር በሙሉ የሚካሄደው በዚያ ጥቃቅን ልዩነት ላይ ነው።

አሁን ወደ መስመሩ እንመለስ። ውሃ ሲተን ቀላሉ ኦክስጅን 16 ይቀድማል፣ ከባዱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ስለዚህ በሙቀት ብዙ ውሃ የሚተንባቸው የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ውሃ ከሚገባባቸው ወንዝ ይልቅ በኦክስጅን 18 የበለጸገ ነው። እንዲህ ያለው መለያየት ግን የሚከተለው የክብደትን ልዩነት ነው። በ16 እና በ18 መካከል ያለው የክብደት ልዩነት ሁለት፣ በ16 እና በ17 መካከል ያለው አንድ ስለሆነ፣ ኦክስጅን 18 ከሺህ ዐሥር እጅ ሲጨምር ኦክስጅን 17 ከሺህ አምስት እጅ ያህል ብቻ ይጨምራል። ዝናብ፣ ባሕር፣ አጥንት፣ ባልጩት፣ በምድር ላይ ያለው ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን ልክ ጠብቆ ይለያያል፤ በሰሌዳ ላይ ሲነጠብም ቁልቁለቱ ግማሽ ያህል የሆነ አንድ ቀጥተኛ መስመር ይሠራል። ከዚህ መስመር የወጣ ነገር ከተገኘ በመትነንም፣ በመቅለጥም፣ በመቀዝቀዝም ሊሳበብ አይችልም። የመጣው ከመነሻው ሌላ ከሆነ የኦክስጅን ክምችት ነው።

እንዲህ ያለ ነገር መኖሩ በግልጽ የታወቀው በ1973 ነው። በየካቲት 1969 በሜክሲኮ ቺዋዋ ግዛት፣ አዬንዴ በምትባል መንደር አካባቢ ሜትዮራይት የሚባል ከጠፈር የመጣ ትልቅ ድንጋይ ወድቆ ከሁለት ቶን የማያንስ ስባሪ ተሰብስቦ ነበር። ድንጋዩ ሲቆረጥ በግራጫው መሐል ነጫጭ እንክብሎች ይታያሉ። እነዚህ በካልሲየምና በአሉሚኒየም የበለጸጉ ናቸው፤ ዕድሜያቸውም በእርሳስ አይሶቶፖች ሲሰላ 4,567 ሚሊዮን ዓመት ስለሆነ፣ በሥርዓተ ፀሐይ ውስጥ ከታወቁት ጠጣር ነገሮች ሁሉ ቀዳሚዎቹ ናቸው። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሮበርት ክሌይተን ከባልደረቦቹ ጋር ሲለካቸው ኦክስጅን 16 ከምድሩ ልክ ከመቶ አራት እጅ ያህል በዝቶ አገኘው። 17 እና 18 ደግሞ በግማሽ ልክ መለያየታቸውን ትተው በእኩል መጠን ቀንሰው ነበር። በዚህም ፀሐይን የከበበው የመጀመሪያ ጋዝና አቧራ በሁሉም ቦታ አንድ ወጥ እንዳልነበረ ታወቀ፤ በየስፍራው የተሠሩ አካላትም የየስፍራቸውን ምልክት ይዘው ቀርተዋል።

ማርስን እንመልከት። ከማርስ ድንጋይ ይዞ የተመለሰ መንኮራኩር እስካሁን የለም፤ ነገር ግን በግጭት ከማርስ ተፈናጥረው ምድር ላይ የወደቁ ሜትዮራይቶች አሉን። የማርስ መሆናቸው የተረጋገጠው በ1983 ሲሆን፣ በአንታርክቲካ ከተገኘው አንዱ ውስጥ ታምቆ የቀረው ጋዝ የቫይኪንግ መንኮራኩሮች በ1976 ማርስ ላይ ከለኩት አየር ጋር በመግጠሙ ነው። የእነዚህ ድንጋዮች ኦክስጅን 17 ከምድር መስመር በሚሊዮን 300 ያህል ከፍ ይላል። ቬስታ ከተባለው አስትሮይድ፣ ማለትም ፀሐይን ከሚዞር ትንሽ ዐለታማ አካል፣ የመጡት በተቃራኒው በሚሊዮን 250 ያህል ዝቅ ይላሉ። ቁጥሮቹ ትንሽ ቢመስሉም፣ በሚሊዮን አምስት ለሚለይ መሣሪያ ማርስና ምድር እጅግ የተራራቁ ናቸው።

ጨረቃስ? ከ1969 እስከ 1972 ባሉት ዓመታት ስድስት የአፖሎ ጉዞዎች 382 ኪሎ ግራም የጨረቃ ድንጋይና አፈር አምጥተዋል። በ2001 የዙሪክ ተመራማሪዎች በርከት ያሉ ናሙናዎችን በጥንቃቄ ለክተው በጨረቃና በምድር መካከል ምንም የኦክስጅን ልዩነት አላገኙም። በ2014 አንድ የጀርመን ቡድን በሚሊዮን 12 ያህል ልዩነት አየሁ አለ፤ በ2016 ደግሞ በካሊፎርኒያ የተደረገ ልኬት ልዩነት የለም ብሎ መለሰ። ክርክሩ በቁጥሩ ላይ ቢቀጥልም፣ ልዩነቱ ካለም ከማርሱ ጋር ሲነጻጸር ከሃያ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። በ2012 የተለካው ቲታኒየምም ይህንኑ ደገመ፤ የጨረቃው ከምድሩ በሚሊዮን ጥቂት እጅ ውስጥ ተስማማ።

ይህ መመሳሰል ለሰሚው ጥሩ ዜና ይመስላል። ችግር የሚሆነው የጨረቃን አፈጣጠር ከሚገልጸው ዋና መላምት ጎን ሲቀመጥ ነው። መላምቱን ዊልያም ሃርትማንና ዶናልድ ዴቪስ በ1975፣ አላስቴር ካሜሮንና ዊልያም ዋርድ በ1976 አቅርበውታል። በዚህ መሠረት ገና በማደግ ላይ የነበረችውን ምድር ማርስን የሚያህል ሌላ ፕላኔት፣ በኋላ ቲያ የሚል ስም የተሰጠው፣ በአግድሞሽ መታት፤ ወደ ሰማይ የተረጨው ቅልጥና እንፋሎትም ምድርን ከብቦ ቆይቶ ጨረቃ ሆነ። መላምቱ ብዙ ነገር ያስረዳል። የምድር የብረት እምብርት ከክብደቷ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋ ሆኖ ሳለ የጨረቃው ከክብደቷ ከመቶ አንድ ሁለት እጅ ብቻ ነው፤ ግጭቱ ወደ ውጭ የረጨው ብረቱ ቀድሞ የሰመጠበትን ውጫዊ ዐለት ከሆነ ይህ ይጠበቃል። ምድርና ጨረቃ አብረው የሚያደርጉት ሽክርክሪት ከፍተኛ መሆኑም እንዲሁ።

ይሁንና ግጭቱ በኮምፒውተር ሲሰላ፣ በተለመደው ስሌት ጨረቃ የምትሠራበት ቁስ ከመቶ 70 እጅ በላይ ከቲያ የመጣ ይሆናል። ቲያ ሌላ ፕላኔት ከነበረች፣ እንደ ማርስና እንደ ቬስታ የራሷ የኦክስጅን ምልክት ሊኖራት ይገባል፤ ከአካሏ የተሠራችው ጨረቃም ያንን ምልክት ማሳየት አለባት። አታሳይም። እንደ እኔ አመለካከት የዚህ የሳይንስ ዘርፍ ትልቁ ክብር እዚህ ላይ ነው፤ ሌላው ማስረጃ ሁሉ የደገፈውን መላምት አንድ ሚሊግራም ድንጋይ እንደገና እንዲታሰብ አስገድዶታል።

መልሶቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ወገን ግጭቱን ይለውጣል። በ2012 ሮቢን ካነፕ ተጋጪዎቹ በመጠን የሚቀራረቡ ቢሆኑ ሁለቱም ሙሉ በሙሉ እንደሚቀላቀሉ አሳየች፤ በዚያው ዓመት ማቲያ ቹክና ሣራ ስቲዋርት ደግሞ ምድር ከሁለት ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ አንድ ዙር የምትሽከረከር ብትሆን፣ ግጭቱ አብዝቶ የሚረጨው የራሷን ዐለት እንደሚሆን አሰሉ። ሁለቱም መንገዶች ከዛሬው በእጥፍ የሚበልጥ ሽክርክሪት ስለሚተዉ፣ ትርፉ በኋላ በፀሐይ ስበት አማካይነት እንደተወገደ ማስረዳት ያስፈልጋቸዋል። በ2018 የቀረበው ሐሳብ ከዚህም ገፍቶ፣ ምድር በከፊል ወደ እንፋሎት ተለውጣ ትልቅ የተለጠጠ አካል እንደሆነች፣ ጨረቃም በዚያ ውስጥ እንደተጠራቀመች ይናገራል። ሁለተኛው ወገን ግጭቱን እንዳለ ትቶ ቲያን ይለውጣል፤ ቲያ ከመጀመሪያው ከምድር ጋር በአንድ ሰፈር፣ ከአንድ ዓይነት ቁስ ያደገች ነበረች ይላል። ይህ ከንቱ ግምት አይደለም፤ ኤንስታታይት የሚባሉት ሜትዮራይቶች ኦክስጅናቸው ከምድር ጋር እጅግ ስለሚቀራረብ፣ ለፀሐይ ቀረብ ባለው ክፍል ተመሳሳይ ቁስ በስፋት እንደነበረ ያመለክታሉ።

ሁለተኛውን ወገን የሚፈታተነው ተንግስተን ነው፤ እዚህ ላይ ሌላ ዓይነት አይሶቶፕ መምጣቱ ግድ ይሆናል። ኦክስጅን የመነሻ ምልክት ሲሆን፣ ተንግስተን ሰዓትም ነው። ሃፍኒየም 182 የሚባል አቶም በጨረራ እየተለወጠ መጨረሻው ተንግስተን 182 ይሆናል፤ በየ9 ሚሊዮን ዓመቱ ገደማ ግማሹ ስለሚያልቅ፣ ሥርዓተ ፀሐይ ከተጀመረ ከ60 ሚሊዮን ዓመት በኋላ ከመቶ አንድ እጁ እንኳ አልቀረም። ፕላኔት ሲቀልጥ ብረቱ ወደ መሐል ይሰምጣል። እርጎ ሲናጥ ቅቤው ከአሬራው ተለይቶ እንደሚሰበሰብና ከስብ ጋር የሚስማማው ሁሉ አብሮት እንደሚሄድ፣ ከብረት ጋር የሚስማማው ተንግስተንም ብረቱን ተከትሎ ወደ እምብርቱ ይወርዳል፤ ሃፍኒየም ግን ከዐለቱ ጋር ይቀራል። ብረቱ የሰመጠው ሃፍኒየም 182 ገና ሳያልቅ ከሆነ፣ በዐለቱ ውስጥ የቀረው ሃፍኒየም በኋላ ተንግስተን 182 እየሆነ ትርፍ ያሳያል። ካለቀ በኋላ ከሆነ ትርፍ አይኖርም፤ ሁሉም ከብረቱ ጋር ወርዷልና።

በ2002 ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ በአውሮፓ ሌላው በአሜሪካ፣ የምድር ዐለት ብረቱ ከዐለቱ ካልተለየ ጥንታዊ ሜትዮራይት ይልቅ ከ10,000 ሁለት እጅ ያህል የተንግስተን 182 ትርፍ እንዳለው ለየብቻ አሳዩ። በቀላል ስሌት ይህ የምድር እምብርት አብዛኛው ክፍል በ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መለየቱን ያመለክታል። ማርስ ከዚህ በእጅጉ ትፈጥናለች፤ በ2011 የወጣ ስሌት በሁለት ሚሊዮን ዓመት ያህል የዛሬ መጠኗን ግማሽ እንደደረሰች ያሳያል። ከትናንሽ አካላት እምብርት የተሰበሩት የብረት ሜትዮራይቶች ደግሞ ከዚያም ቀድመው፣ በመጀመሪያዎቹ አንድ ሦስት ሚሊዮን ዓመታት ተለይተዋል።

የጨረቃው ተንግስተን ለረጅም ጊዜ አሳስቶ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ልኬቶች በአንዳንድ ናሙናዎች ከፍተኛ የተንግስተን 182 ትርፍ ስላሳዩ፣ ጨረቃ በጣም ቀድማ ተሠራች እስከ ማለት ተደርሶ ነበር። ነገር ግን ጨረቃ አየር ስለሌላት ገጽታዋ በጠፈር ጨረር ይደበደባል። ጨረሩ የሚያስነሣቸው ኒውትሮኖች ታንታለም 181 ላይ ሲያርፉ ታንታለም 182፣ ቀጥሎም ተንግስተን 182 ያደርጉታል። ስለዚህ ከትርፉ ውስጥ ከጨረቃ ልደት ጋር የማይገናኝ፣ ድንጋዩ በገጽታዋ ላይ ተቀምጦ የሰበሰበው አለበት። በ2007 ታንታለም ከሌለበት የብረት ቅንጣት ብቻ ተለይቶ ሲለካ ያ ትልቅ ትርፍ ጠፋ። በ2015 ሁለት ቡድኖች ይበልጥ በጠራ ዘዴ ሲመለሱበት፣ በሚሊዮን ከ20 እስከ 27 የሚደርስ ጥቂት ትርፍ ብቻ ቀረ።

ይህ ትንሽ ትርፍ የራሱ ማብራሪያ አለው። ከግጭቱ በኋላ ሜትዮራይቶች በሁለቱም ላይ ዘንበው ነበር፤ ምድር በስበቷ ምክንያት ብዙውን ስለወሰደች፣ ተንግስተን 182 የሚጎድለው ይህ ቁስ የእሷን ልክ ዝቅ አድርጎታል። ያ ዘግይቶ የመጣ ቁስ ከሒሳቡ ሲወጣ የምድርና የጨረቃ ተንግስተን አንድ ይሆናሉ። ቲያ የምድር ጎረቤት ነበረች ለሚለው ሐሳብ ፈተና የሚሆነው ይህ ነው። ጎረቤትነት አንድ ዓይነት ኦክስጅንና ቲታኒየም ሊሰጥ ይችላል፤ ተንግስተን ግን የሚወሰነው እያንዳንዱ ፕላኔት እምብርቱን በለየበት ጊዜና ሁኔታ ነው። በመጠን የሚለያዩ ሁለት ፕላኔቶች በዚህም በአጋጣሚ እኩል ሆኑ ማለት ለማመን ይከብዳል። በእኔ ግምት ይህ ማስረጃ ሚዛኑን በግጭቱ ጊዜ ጠልቆ መቀላቀል ነበረ ወደሚለው ወገን ያዘነብለዋል፤ በጉዳዩ የተሰማሩት ሁሉ ግን በዚህ አይስማሙም።

ግጭቱ መቼ እንደተፈጸመም ገና ይከራከሩበታል። አፖሎ 14 ባመጣቸው ዚርኮን የተባለ ማዕድን ቅንጣቶች ላይ በ2017 የተሠራ ጥናት ጨረቃ ከ4,510 ሚሊዮን ዓመት በፊት ተጠናክራ እንደነበር ሲያሳይ፣ ነጩን የጨረቃ ቅርፊት የሚወክል ድንጋይ በ2011 ሲለካ 4,360 ሚሊዮን ዓመት ሰጥቷል። በ2024 የቀረበ ሐሳብ ሁለቱን ለማስታረቅ ይሞክራል፤ ጨረቃ ለምድር ቅርብ በነበረችበት ዘመን የስበት መጎተት እንደገና አሙቋትና አቅልጧት፣ የአብዛኛውን ድንጋይ ሰዓት ወደ 4,350 ሚሊዮን ገደማ እንደመለሰው ይገልጻል።

ምድርና ጨረቃ በሁሉም ነገር አንድ እንዳልሆኑም መታወቅ አለበት። በቀላሉ የሚተኑት ፖታሲየምና ዚንክ በጨረቃ ላይ ጥቂት ብቻ ናቸው፤ የቀረውም ወደ ከባዱ አይሶቶፕ ያደላል። በ2016 የተለካው ፖታሲየም ከምድሩ ከሺህ 0.4 እጅ ይከብዳል። ቀላሉ በእንፋሎት አምልጦ ከባዱ መቅረቱን ያሳያልና፣ የግጭቱ ግለት በራሱ የተወው አሻራ ነው።

የስምጥ ሸለቆ ነዋሪ ከሆነ አንባቢ አንጻር አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ሂሊየም 3 በአብዛኛው ምድር ስትሠራ ታምቆ የቀረ ሲሆን፣ ሂሊየም 4 ግን በዩራኒየምና በቶሪየም መፈራረስ ምክንያት ዛሬም ይጨምራል። በውቅያኖስ ወለል መሐል ከሚፈልቀው ዐለት የሚወጣው ጋዝ የሂሊየም 3 ድርሻው ከአየሩ ስምንት እጥፍ ያህል ነው፤ ከአፋር በሚወጡ አንዳንድ የእሳተ ገሞራ ዐለቶች ውስጥ ግን ከአየሩ ከ15 እጥፍ በላይ ተለክቷል። ይህ ከአፋር ሥር ወደ ላይ የሚወጣው ቁስ የተነሣው ከጥልቀት፣ ምድር ስትሠራ ያመቀችው ጋዝ ገና ጨርሶ ካላመለጠበት ክፍል መሆኑን ያሳያል። የፕላኔት አፈጣጠር ምርመራ በጨረቃ ድንጋይ ብቻ የሚካሄድ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ጨረቃን በሚመለከት ግን ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ናሙና ከሌላ ቦታ የሚመጣ ነው። ቬነስ በመጠንም በርቀትም የምድር የቅርብ ጎረቤት ሆና ሳለ፣ ከእሷ የመጣ አንድም ድንጋይ በእጃችን የለም፤ የእሷ መሆኑ የታወቀ ሜትዮራይትም አልተገኘም። ኦክስጅኗ በምድር መስመር ላይ ካረፈ፣ ለፀሐይ ቀረብ ያለው ክፍል በሙሉ አንድ ዓይነት ቁስ ነበረው ማለት ስለሚሆን የቲያ መመሳሰል የሚያስገርም አይሆንም፣ የተንግስተኑ ጥያቄ ግን ለብቻው ይቆያል። ከመስመሩ ከወጣ ደግሞ ጎረቤትነት ብቻውን እንደማይበቃ ይታወቅና፣ ጨረቃንና ምድርን አንድ ያደረጋቸው ግጭቱ ራሱ ነው የሚለው ወገን እጅግ ይበረታል።